የቴአትር፣ የፊልም፣ የሥነ ጽሑፍና የአካባቢ ታሪክ ጥናትን ስለማሳተም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው የምለው ይገባዋል። አንዱን ጥራዝ ታወጣላችሁ። ስለ አንድ ወረዳ ገበያ፣ ስለ አንድ ደብር መሬት፣ ወይም ስለ አንድ ተውኔት ሙሉ ጥናት ነው። መጨረሻው ላይ የባለታሪክ ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜና ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን ተዘርዝሯል። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጥናቱ ግን ታትሞ አያውቅም። ያነበቡት አማካሪውና ሁለት ፈታኞች ብቻ ናቸው።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ለጥቂት ዓመታት ለጆርናሎች ጽሑፍ ስገመግምና ወጣት አጥኚዎችን ሳማክር ቆይቻለሁ። የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

የማስተርስ ጽሑፌን እንዳለ ለጆርናል ብልከው ችግር አለው?

አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ይመለስላችኋል።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው ለፈታኝ ነው። “ይህን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ ዘዴውንም አውቃለሁ” ብሎ ማሳየት አለበት። የጆርናል ጽሑፍ አንባቢ ግን በትምህርት ቤት አይፈትናችሁም። አንድ ነገር ማወቅ ፈልጎ ነው የመጣው። ስለዚህ ከ120 ገጽ ውስጥ አንድ ጥያቄ ምረጡ። በደርግ ዘመን ስለተሠሩ ተውኔቶች ጽፋችሁ ከሆነ የዘመኑን ቴአትር በሙሉ አትሸከሙት። አንዱን ውሰዱ፦ ሳንሱሩ ከጽሑፉ ላይ ምን አስወጣ? ተዋንያኑ የተቆረጠውን በምን ሞሉት? ይህ ብቻውን ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል።

“የጥናቱ ዳራ”፣ “የጥናቱ አስፈላጊነት”፣ “የጥናቱ ወሰን” የሚሉት ንዑስ ርእሶች ይውጡ። የተዛማጅ ጥናቶች ቅኝቱ ከአንድ ገጽ፣ ቢበዛ ከሁለት አይብለጥ። በመጀመሪያው አንቀጽ ቀጥታ ወደ ነገሩ ግቡ። እኔ ካነበብኳቸው ጽሑፎች መካከል ስድስተኛው ገጽ ላይ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ጉሮሮ መጥረግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ከመላካችሁ በፊት ከአማካሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ። ስማቸው በጋራ ጸሐፊነት ይግባ ወይስ በምስጋና ይጠቀስ የሚለው ጉዳይ በግልጽ ካልተነሳ በኋላ ቅሬታ ያመጣል። ጋሽ እገሌ ምን ይሉኝ ይሆን ብሎ ዝም ከማለት ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

የት ልላክ?

በቅድሚያ ጽሑፋችሁ ውስጥ የምትጠቅሷቸው ጥናቶች የት እንደታተሙ እዩ። እናንተም የምትነጋገሩት እዚያው ካሉ ሰዎች ጋር ነው።

ለታሪክ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለባህል ጥናት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት አለ። ተቋሙም መጽሔቱም የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሳይንስና የሥነ ሰብእ ጆርናልም አለው። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው አላቸው። ትምህርት ሚኒስቴር ጆርናሎችን ገምግሞ ዕውቅና ስለሚሰጥ፣ ለማዕረግ ዕድገት የምትጽፉ ከሆነ የመረጣችሁት ጆርናል ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ከመላካችሁ በፊት አረጋግጡ። ከታተመ በኋላ ማወቅ ያስለቅሳል።

ከአገር ውጭ ከሄዳችሁ ከሀምቡርግ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚወጣው ኤቲዮፒካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተጀመረው የፈረንሳዮቹ አናል ዴትዮፒም አለ። ሁለቱም በጽሑፍ ቅርስና በታሪክ ላይ ጥብቅ ናቸው። ሥነ ጽሑፍና ታሪክን ከፖለቲካ ጋር አያይዞ ለሚጽፍ ደግሞ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የሚያሳትመው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ጥናት ጆርናል ይመቻል።

ፊልም ላይ የምትሠሩ ልጆች “ቦታ የለንም” ትሉኛላችሁ። አላችሁ። የአፍሪካ ሲኒማን ብቻ የሚያስተናግዱ ጆርናሎች አሉ፤ የኢትዮጵያ ጉዳይ ደግሞ እዚያ ገና ብዙ አልተነካም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሚሺጋን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሲኒማ ሙሉ የጥናት ስብስብ በመጽሐፍ ወጥቷል። ከአርታኢዎቹ አንዱ የቴአትር መምህሩ አቦነህ አሻግሬ ናቸው። ከዚያ በፊት የእኛ ፊልም በውጭ ጥናቶች ውስጥ የሚገባው ባብዛኛው በኃይሌ ገሪማ ሥራዎች በኩል ነበር። አምባሳደር ወይም ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ተሰልፎ አማርኛ ፊልም ያየው ሕዝብ ገና በቅጡ አልተጻፈለትም። የሚጽፍለት ይፈለጋል።

በአማርኛ ብጽፍ ይቀበሉኛል?

አንዳንዶቹ ይቀበላሉ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ባህሎች አካዳሚ የሚያሳትመው ዜና ልሳን የአማርኛ ጽሑፎችን ሲያወጣ ኖሯል። ሌሎችም አሉ። በጆርናሉ የደራሲያን መመሪያ ውስጥ “ቋንቋ” የሚለውን ክፍል እዩ። ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ አጠቃሎ አብሮ ይጠየቃል።

የራሴን አቋም ልናገር። ስለ አማርኛ ልቦለድ፣ ስለ ቅኔ፣ ስለ ተውኔት ቋንቋ የምትጽፉ ከሆነ ቢያንስ አንድ ጽሑፍ በአማርኛ ይኑራችሁ። ሰምና ወርቅን በእንግሊዝኛ ማብራራት ግማሹን ገጽ ትርጉም ያደርገዋል። በአማርኛ ሲጻፍ አንባቢው ቃሉን ስለሚያውቀው ቀጥታ ወደ ነጥባችሁ ትገባላችሁ። ደግሞም የአማርኛ የጥናት ቋንቋ የሚያድገው ሲጻፍበት ነው። ለብዙ የሐያሲነት ቃላት እስካሁን አንድ ዓይነት አጠራር የለንም። “አጠቃሎ” የሚል አለ፣ “አህጽሮተ ጥናት” የሚልም አለ።

እርግጥ ነው፣ እንግሊዝኛው ሰፊ አንባቢና ለማዕረግ የሚቆጠር ነጥብ ያመጣል። ሁለቱንም ሥሩ። ግን አንድን ጽሑፍ ተርጉሞ እንደ አዲስ ጥናት ለሁለት ጆርናል መላክ አይቻልም። ትርጉም መሆኑን ለአርታኢው አስቀድማችሁ ንገሩ።

“ጽሑፍዎን በሦስት ቀን ተቀብለናል፣ ክፍያ ይላኩ” የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። እውነት ነው?

አይደለም። አትላኩ።

ጓደኛዬ የሁለት ዓመት ልፋቷን እንዲህ አጣች። በአንድ ከተማ ኪነት ቡድን ላይ የሠራችው ጥሩ ጥናት ነበር። ስሙ “ኢንተርናሽናል” የሚል ጆርናል በአራት ቀን ተቀበላት። አንድም የገምጋሚ አስተያየት አልመጣም። ከደመወዟ ቆጥባ ከፈለች። ድረ ገጹ ከዓመት በኋላ ጠፋ። ጽሑፉ አንዴ ታትሟል ስለተባለ ሌላ ጆርናልም አልወሰደውም።

እውነተኛ ግምገማ ወራት ይፈጃል። ሁለት ሰው ማንበብ አለበት፤ እነሱም ማስተማርና ፈተና ማረም አለባቸው። ስለዚህ ፍጥነቱ ራሱ ጥርጣሬ ይፍጠርባችሁ። የአርታኢዎቹን ስም በተቋማቸው ገጽ ላይ ፈልጉ። የቆዩ እትሞችን አውርዱና ሁለት ጽሑፍ አንብቡ። ስለ ዶሮ እርባታና ስለ ግዕዝ ቅኔ በአንድ እትም የሚያወጣ ከሆነ ተውት። በአፍሪካ ጆርናልስ ኦንላይን ወይም በክፍት ጆርናሎች ማውጫ ላይ መኖሩንም እዩ።

ክፍያን በተመለከተ፣ በእኛ ዘርፍ ብዙዎቹ ጥሩ ጆርናሎች ከጸሐፊ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ትልልቅ አሳታሚዎችም ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚጽፉ ብዙ ጊዜ ክፍያውን ይሰርዛሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስሜን እንዴት ልጻፍ? “ሰርኔም” አምጣ ይሉኛል።

ይህ ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ሰው በሦስት ሰው ስም የሚታወቅበት ጣጣ ከዚህ ይጀምራል። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ባሕሩ ዘውዴን በማጣቀሻ ውስጥ “ዘውዴ፣ ባ.” ብሎ መጻፍ ታሪክ ጸሐፊውን በአባታቸው መጥራት ነው። ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ጥሩ ጆርናሎች የኢትዮጵያውያንን ስም ሙሉውን፣ ከራስ ስም ጀምረው ይደረድራሉ። ሌሎች ጋ ስትልኩ ይህን እንዲያከብሩላችሁ በትሕትና ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሰማሉ።

የኮምፒውተሩ ቅጽ ግን አይሰማም። ሁለት ሳጥን ይሰጣችኋል። አንዴ የወሰናችሁትን አትለውጡ፤ በላቲን ፊደል የምትጽፉበትንም አንድ አድርጉት። ኦርኪድ የሚባለውን ነጻ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ማውጣትም ጥሩ ነው። ስማችሁ ሦስት ዓይነት ሆኖ ቢጻፍ እንኳ ቁጥሩ ይሰበስባችኋል።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ጎጃምን አንዱ በአንድ ጄ፣ ሌላው በሁለት ጄ፣ ሌላው ዲን ጨምሮ ይጽፈዋል። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የተጠቀመበት የፊደል ቅየራ ሥርዓት አለ፤ ብዙ ጆርናሎች እሱን ወይም ቀለል ያለ ቅጂውን ይከተላሉ።

ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ ልቀይረው?

ሁለቱንም ጻፉ። ሰባት ወይም ስምንት እየደመራችሁ በግምት ግን አትሂዱ። “ሂሩት አባቷ ማነው?” የተባለው ፊልም በ1957 ዓ.ም. የወጣ ነው። አንዱ ጥናት 1964፣ ሌላው 1965 ይለዋል። 1957 የሚጀምረው በፈረንጅ 1964 መስከረም ላይ ስለሆነ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱም ይሆናል። ወሩን ካላወቃችሁ “1964/65” በሉ። የተሳሳተ ዓመት አንዴ ከታተመ ሌላው እየተቀባበለ ይጠቅሰዋል።

የመጽሐፍ እትምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልቦለድ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ሲታተም ርእሱ “ልብ ወለድ ታሪክ” ነበር። “ጦቢያ” በሚለው ስም የታወቀው በኋላ ነው። በእጃችሁ የያዛችሁትን እትም ጥቀሱ፤ ያላያችሁትን የመጀመሪያ እትም እንዳያችሁት አታስመስሉ።

ፊልሙም፣ የተውኔቱ ጽሑፍም ጠፍቷል። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉም የሚያመኝ ጥያቄ ነው። ስንት ተውኔት በመኪና ጽሕፈት ሦስት ቅጂ ተመትቶ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲያ የገባበት አልታወቀም። በቪኤችኤስ የተሠሩ ፊልሞች ካሴታቸው ሻግቷል።

ሥራው ራሱ ከሌለ ጥላውን ፈልጉ። በ1933 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ስለ አዳዲስ ተውኔቶች ማስታወቂያም ሂስም ያወጣ ነበር። መነን መጽሔት አለ። የደርጉን ዘመን ለሚያጠና የካቲት መጽሔት አለ። እነዚህን ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ታገኛላችሁ። ፖስተር፣ ትኬት፣ የመድረክ ፎቶ ደግሞ በተዋንያን ቤት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ሂዱና አንኳኩ። አንጋፋ ተዋናይት ዘንድ ስትሄዱ ቡና ይፈላል፣ አልበሙ ይወጣል፤ ከዚያ “ይቺ ደግሞ እገሊት ናት፣ ያን ቀን መብራት ጠፍቶ በፋኖስ ነው የጨረስነው” ትላችኋለች። ይህ ማስረጃ ነው። ቀኑን፣ ቦታውንና የተናገረችውን መዝግቡ።

ፎቶውን ስታነሱ ጀርባውንም አንሱ። ብዙ ጊዜ ቀኑ የተጻፈው እዚያ ነው።

ከሽማግሌዎች የሰበሰብኩትን ቃል ጆርናሉ እንደ ማስረጃ ይቆጥረዋል?

በደንብ ከተያዘ፣ አዎ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ በመመረቂያ ጽሑፋቸው እንዲህ ሲሠሩ ኖረዋል። ስለ ወሎ፣ ስለ ከፋ፣ ስለ ባሌ፣ ስለ ጎጃም ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር ከእነዚያ ጽሑፎች የመነጨ ነው። ተማሪው ክረምት ላይ አገሩ ይገባል፣ ከአባቶች ሥር ቁጭ ይላል፣ ይጽፋል።

ዛሬ የሚጠየቀው ትንሽ ይበልጣል። ፈቃድ መጠየቃችሁን ማሳየት አለባችሁ። ስማቸው ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለውን ራሳቸው ይወስኑ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ሁሉ ይደበቅ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የአባታቸውን ታሪክ የነገሩን ሰው ስማቸው እንዲጻፍ ከፈለጉ “መረጃ አቀባይ 7” ማለት ክብራቸውን መግፈፍ ነው። አደጋ የሚያመጣ ጉዳይ ከሆነ ግን እሳቸው ቢፈቅዱም ደብቁት።

አንድ ሰው የነገራችሁን ከሌላው አስተያዩ። የመሬት ነገር ከሆነ የደብሩን መጻሕፍት ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። በወንጌል ቅጠሎች ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የርስትና የጉልት ውል የተጻፈባቸው አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት አሉት። ብዙዎቹን ተመዝግቦ በኢንተርኔት በነጻ ማየት ይቻላል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ተቀምጦ “ምንጭ የለኝም” ማለት ያን ያህል አያስኬድም።

ቅጂ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ስልክ ይሰረቃል። የእኔ ተሰርቆ አሥራ አንድ ቃለ መጠይቅ ሄዷል። ከተናጋሪዎቹ ሁለቱን ድጋሚ ሳላገኛቸው አርፈዋል።

የአካባቢ ታሪክ ስጽፍ “ወገንተኛ ነህ” እንዳልባል እፈራለሁ።

ትባሉ ይሆናል። መከላከያው ጥንቃቄ ነው። ቦታውን በዘመኑ አስተዳደር ስም ጥሩት። በ1950ዎቹ የሆነውን ነገር በዛሬ ዞንና ክልል መተረክ ስህተት ነው፤ ያኔ ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃና ወረዳ ነበር። ደርግ ሲመጣ ክፍለ ሀገር ሆነ። ሦስት ሽማግሌ ሦስት ዓይነት ከነገሯችሁ ሦስቱንም አስቀምጡና የትኛው ሚዛን እንደሚደፋና ለምን እንደሆነ ንገሩን። የጠላችሁትን ቅጂ አትጣሉት። ሌላው ቀርቶ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ገምጋሚው ጽሑፌን አብጠለጠለው። ልተወው?

ሁለት ቀን አስቀምጡትና ተመለሱበት። የመጀመሪያ ጽሑፌ ከሰባት ወር ጥበቃ በኋላ በአራት ገጽ ትችት ተመለሰ። ሳምንት ሙሉ አልከፈትኩትም። ስከፍተው ግን ግማሹ ልክ ነበር።

እያንዳንዱን ነጥብ ቁጥር ሰጥታችሁ መልሱ፦ ይህን አስተካክያለሁ፣ ገጹ ይህ ነው፤ ይህን አልተቀበልኩም፣ ምክንያቴ ይህ ነው። ለገምጋሚ “አይ” ማለት ይቻላል። የውጭ ገምጋሚ “ለምን በእገሌ ንድፈ ሐሳብ አላየኸውም?” ሲላችሁ፣ ንድፈ ሐሳቡ ለአዝማሪ ግጥም የማይሠራበትን ምክንያት ማስረዳት ራሱ ጽሑፉን ያጠነክረዋል።

ከፊልምና ከግጥም ስጠቅስ ባለመብቱን ማስፈቀድ አለብኝ?

ለጥናት በልኩ መጥቀስ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተፈቀደ ነው። ምንጩንና የባለቤቱን ስም መጻፍ ግን ግዴታ ነው። ሙሉ ግጥም፣ የፊልም ምስል ወይም የሰው ፎቶ ለማተም ካሰባችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ። መብቱ ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ስለሚቆይ፣ የሞቱ ደራሲ ከሆኑ ወራሾቻቸውን ፈልጉ።

መጽሐፍ ቢሆንስ?

የአካባቢ ታሪክ ሰፊ ከሆነ መጽሐፍ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ረቂቁን አስገምግሞ ያሳትማል፤ ጊዜ ይወስዳል። በራሳችሁ ወጪ ማተሚያ ቤት ብትወስዱም አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) አውጡ። ቁጥሩን የሚሰጠው ወመዘክር ነው። ኢንዴክስም ሥሩለት። የእኛ መጻሕፍት ኢንዴክስ ስለሌላቸው አጥኚ ስንቱን ቀን ገጽ ሲገልጥ ይውላል።

ከታተመ በኋላስ?

አንድ ቅጂ ዩኒቨርሲቲያችሁ ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ አስገቡ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም እንዲደርስ ይጠይቃል። አንድ ቅጂ ለወረዳው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ሌላውን ይዛችሁ ታሪኩን ወደ ነገሯችሁ ሰዎች ተመለሱ።

እኔ የመጀመሪያውን ጽሑፌን ይዤ ስሄድ አባባ ብለን የምንጠራቸው ሽማግሌ መነጽራቸውን አምጡልኝ አሉ። አገላበጡት። እንግሊዝኛ ነው። “የአባቴ ስም የቱ ጋ ነው?” አሉኝ። ገጹን አሳየኋቸው። ጣታቸውን አስቀምጠው “በል አንብበው” አሉ። እያነበብኩ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ። ሁለት ቦታ አቋረጡኝ፤ ሁለቱም ቦታ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ማስተካከያዎቹ ቀጥዬ በጻፍኩት የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ገብተዋል።